የወይዘሮ ሮዛ ሙግት

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዝናብ የመታቸው አንድ ሽማግሌ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። የለበሱት ባና፣ ያ የመንዝ ወፍራም የበግ ጸጉር ልብስ፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። መኪናው ሞቅ ሲል የራሰ ጸጉር ሽታ ተነሣ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ "ኧረ መስኮት ክፈቱ በማርያም!" አለች፤ ሰውም ሳቀ። እኔ ግን ጉደኛዋ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። "በረደሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝና የባናውን ጫፍ ጣል አደረጉልኝ። "አዎ" ብዬ ዋሸሁ። ብርድስ አልነበረም። ያ ሽታ እናቴን፣ አያቴንና ወይዘሮ ሮዛን አንድ ላይ ይዞብኝ መጥቶ ነው።

ዕድሜዬ ዘጠኝ ይሁን ዐሥር እንጃ፣ ብቻ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ አስካለ መርሐቤቴ ወርዳ ያገባችውን አባቴን ፈትታ፣ እኔን ይዛ፣ መንዝ ውስጥ ከቀየት አለፍ ብሎ ወዳለው ወደ አባቷ ግቢ ተመልሳለች። ትልቁ የጓሳ ሣር ክዳን ቤት የአያቴና የአጎቴ የጋሼ ጌታነህ ነው፤ እሱም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖርበታል። ለእኔና ለእማዬ የተሰጠን በግቢው በር አጠገብ ያለች፣ ቀድሞ ጥጃ ይታሰርባት የነበረች ጎጆ ናት። ልዋሽ አልፈልግም፣ በዚያ ግቢ ክፉ ሰው አልነበረም። እህልም አልተከለከልንም፣ ክፉ ቃልም አልሰማንም። ግን ፈትታ የተመለሰች ሴት እንግዳም አይደለች፣ ቤተኛም አይደለች። እማዬ አንድ ፍልጥ እንጨት ለማንሣት እንኳ "ልውሰድ?" ብላ ትጠይቅ ነበር፣ ተወልዳ ባደገችበት ግቢ!

የምንተዳደረው በበግ ጸጉር ነው። የተሸለተውን ወንዝ ወርደን እናጥባለን፣ ድንጋይ ላይ እናሰጣለን፤ ከዚያ እኔ እሾሁንና ጭቃውን እየለቀምኩ በጣቴ አፍታታዋለሁ፣ እማዬ ትፈትለዋለች፣ ፈትሉን ባና ሠሪዎች ይወስዱታል። እጄ ሁልጊዜ የበግ ቅባት አለው። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ "በግ በግ ትሸቻለሽ" ብላኝ ቦታ ልትቀይር ተነሣች። "አንቺስ ኩበት ኩበት ትሸቻለሽ" አልኳትና ተደባደብን። እሷ ከአፍንጫዋ ደም፣ እኔ ከመምህሩ አለንጋ አገኘን።

በዚያ ዓመት ነው የመሬት ምዝገባ ይመጣል የተባለው። የወረዳ ሰዎች ከቀበሌው ኮሚቴ ጋር ሆነው ማሳ ማሳውን እየዞሩ ይመዘግባሉ፣ ከእንግዲህ ማሳው በስሙ የተጻፈለት ሰው ባለቤት ነው፣ ያልተጻፈለት አለቀለት ተባለ። እንግዲህ ከወንዙ በላይ አንዲት ጠፍጣፋ ማሳ አለች፣ ታችኛው ማሳ የምንላት። አያቴ እመቤት፣ የእማዬ እናት፣ በሕይወት ሳሉ "ይቺ የአስካለ ናት" ይሉ ነበር አሉ። እማዬ አግብታ ስትሄድ ግን ጋሼ ጌታነህ አረሳት፤ ስትመለስም እሱ እንዳረሳት ቀጠለ። ክፋት አይደለም። በሬው የእሱ፣ ጉልበቱም የእሱ፣ ልጆቹም ብዙ ናቸው። እማዬም አንድ ቀን እንኳ "ማሳዬን" ብላ አታውቅም። ብቻ እንዝርቷን እያሾረች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ "በስሜ ካልተጻፈች እኮ፣ አባባ ያለፉ ዕለት እኔና አንቺ መንገድ ላይ ነን" ትላለች።

እኔ ስም የሚጻፈው ማሳው ላይ፣ በኖራ መስሎኛል። መምህራችን የእግር ኳስ ሜዳውን በኖራ ሲያሰምር አይቻለሁና። ሄጄ ታችኛው ማሳ ዳር ቆምኩና "አስካለ" ብሎ ለመጻፍ ይበቃ እንደሆነ በዓይኔ ለካሁ። አራት ፊደል ናት፣ ይበቃታል። የጋሼ ጌታነህ ስም ግን ከነጋሼው ስድስት ፊደል ነው፣ ትልቁ ማሳ ለእሱ ይሁን ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ዳኝነት ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ሮዛ የመጣችው ይሄኔ ነው። የመስቀል በዓል ማግስት፣ የግብርና ሰዎች በመኪና አመጧትና የመንዝን በግና ጸጉሩን ልታጠና ነው ብለው አያቴ ግቢ፣ ጎተራው አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራዩላት። ረጅም፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አዲስ አበባ ለብዙ ጊዜ የቆየች ስለሆነ አማርኛዋ ቀስ ይበል እንጂ ይገባል። ፈረንጅ መጣች ሲባል ወርቅና ካራሜላ ጠብቀን ነበር። የለበሰችው ሹራብ ክርኑ ላይ በቆዳ ተጠግኗል! ጫማዋም የጋሼ ጌታነህን ጫማ ይመስላል። እማዬ አዘነችላት። "ምስኪን፣ ሰው የላት ይሆናል" ብላ መርፌና ክር ይዛላት ሄደች።

ባልም ልጅም የላትም። ወላጆቿ ጥፋት አጥፍታ ያባረሯት መስሎኝ ጥፋቷን ለማወቅ እከታተላት ጀመር። ጠዋት ተነሥታ ከእኛ ጋር ወንዝ ትወርዳለች፣ እጅጌዋን ሰብስባ ከዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ጸጉር ታጥባለች፣ በግ እግሩን ይዛ ገልብጣ ሰኮናውን ትመለከታለች። ጋሼ ጌታነህ "ይቺስ በግ ቤት ያደገች ናት" አለ። እኔም ጥፋቷን ያወቅሁ መሰለኝ፦ በግ አስበልታ ነው።

አሁን አያቴን ላሳውቃችሁ። አባባ ደምሴ በንጉሡ ዘመን የርስት ሙግት ጠበቃ ነበሩ። ያኔ በእኛ አገር መሬት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነው፤ በአባቱም ይሁን በእናቱ እየቆጠረ አገሩን እስካቀናው አባት የደረሰ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ድርሻዬን ብሎ ይሟገታል። አባባ የሰውን ሁሉ ዘር በቃላቸው ያውቁታል። ደርግ መጥቶ ርስት ሲቀር ግን ይሄ ሁሉ እውቀት ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህ የሚፈለጉት ለጋብቻ ብቻ ነው፤ ልጅና ልጅ ሊጋቡ ሲሉ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ ደግሞ ይከፋቸዋል፣ ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ ሮዛን በዘንጋቸው ጠቆም አደረጓት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?"

"የኤድዋርድ።"

"ኤድዋርድስ?"

"የሄንሪ።"

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሄንሪስ?"

"የኤድዋርድ።"

"ያስ?"

"የሄንሪ።"

አባባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ምነው፣ ስም አለቀባቸው እንዴ?"

እሷ ሳቀች፤ ግን አላቆመችም። አንዱን ኤድዋርድ ከሌላው እየለየች፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን በየትኛው ጦርነት እንደሞተ እየተናገረች ቁልቁል ወረደች። የመጨረሻው አባት ንጉሥን በጦርነት ረድቶ መሬት የተሰጠው ሰው ነው አለች። አባባ ከተቀመጡበት ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። "በርስት ነው በጉልት?" ብለው ጠየቁ። አልገባትም፤ ትውልድ የሚወርሰው መሬትና ለሹም የሚሰጠው ግብር እንዴት እንደሚለያዩ አስረዷት። አሰበችና "ሁለቱንም ይመስለኛል" አለች። ከዚያ ፊቷ ይበልጥ ቀልቶ፣ ጥፋት የምትናዘዝ ይመስል፣ አባቷ ሎርድ እንደነበሩ፣ እሷንም በአገሯ "ሌዲ" እንደሚሏት ነገረችን።

"ሌዲ ማለት?"

"ወይዘሮ ማለት ነው፣ መሰለኝ።"

"ወይ ጉድ!" አሉ አባባ ወደ እኛ ዞረው። "ሰማችሁ? ዛሬ ባል ያገባች ሁሉ ወይዘሮ ሆነች እንጂ፣ ዱሮ ወይዘሮ ማለት የመኳንንት ልጅ ናት። ይቺ እውነተኛዋ ወይዘሮ ናት፣ በጥጃ ገመድ ላይ አስቀመጣችኋት! ተነሡና በርጩማ አምጡላቸው!" ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ አሏት። ጎረቤቱም ተከተለ። እኔና እማዬ ብቻ "አንቺ በሉኝ" ብላ ስለለመነችን አንቺ እንዳልናት ቀረን።

በእናቷ በኩል ሲቆጠር ግን ጉድ ፈላ። ለካ የአባቷ እናትና የእናቷ አባት እህትና ወንድም ናቸው። አባባ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ አማተቡ። "በስመ አብ! ሰባት ቤት ቀርቶ ሁለት ቤት ሳይሞላ?" አሉ። ወይዘሮ ሮዛ ትልልቆቹ ቤተሰቦች ሁሉ እንዲያ እንደሆኑ፣ እርስ በርስ ካልሆነ እንደማይጋቡ አስረዳች። ጋሼ ጌታነህ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ በጎቹ ሄደ። አባባ ግን ለመኳንንት ልጅ ማፈር አልፈለጉም። ጥቂት አሰላሰሉና "አገሩ ደሴት ነው አይደል? ባሕር ከቧቸው ሰው ከየት ያምጡ፣ ፈርዶባቸው ነው" ብለው ይቅር አሏቸው።

ቀጥለው የጠየቁት ነገር ነው ሁሉን ያመጣው። "ታዲያ ርስቱ ዛሬ በማን እጅ ነው?"

ወይዘሮ ሮዛ ከኪሷ ፎቶግራፍ አወጣች። እኔ ቤት መስሎ አልታየኝም፤ መስኮቱ ብዛቱ! መንደር ነው ብዬ ነበር። እማዬ አንገቷን አስግጋ አየችና "ይሄን ሁሉ ማን ይጠርገዋል?" አለች። ወይዘሮ ሮዛም "አሁን ማንም። ጣሪያውም ያፈሳል" አለች። ከዚያ ነገረችን። አባቷ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ እሷና እህቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ሲሞቱ ቤቱም፣ ማዕረጉም፣ መሬቱም ለአጎቷ የልጅ ልጅ ሆነ። ሰውየው ቤቱን ያየው ለቀብር ሲመጣ ነው። እሷ አሁን የምትኖረው እዚያው ግቢ በር ላይ፣ ድሮ የበረኛው በነበረች ቤት ነው።

አባባ ዘንጋቸውን ይዘው ቆሙ። "በምን ምክንያት?"

"ሴት ስለሆንኩ።"

"እህትዎስ?"

"እሷም ሴት ናት።" ይሄን ያለችው ለማሳቅ ነበር፣ ማንም አልሳቀም።

"ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ!" ብለው ጮኹ አባባ፤ ውሻው እንኳ ተነሣ። "በመንዝ እንኳን የመኳንንት ልጅ፣ የደሃ ልጅስ ሴት ናት ተብላ ከአባቷ ርስት ትገፋለች? ስንቷን ባልቴት ከወንድሞቿ መንጋጋ ድርሻዋን ያስተፋሁ እኔ! ይሄ ግፍ ነው! እሟገትልዎታለሁ!"

እማዬ ከኋላቸው እየፈተለች ነበር፤ ክሯ ተበጠሰ። ስትቀጥለው እንደገና ተበጠሰ። እኔ ጣቷን በርዷት ነው ብዬ ነጠላዋን አመጣሁላት። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ "የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ" አለች። ማንን እንደምትሰድብ አልገባኝም።

ከዚያን ዕለት በኋላ አባባ ሰው ሆኑ። ለስንት ዓመት የተኛ ሙግት ነቃ። በበቅሎ መሐል ሜዳ ድረስ ሄደው፣ ከእንግሊዝ አገር ሰው ጋር ክስ የሚመሠረተው እንዴት እንደሆነ ፍርድ ቤት ጠይቀው በቁጣ ተመለሱ። "ወጣቱ ዳኛ 'አባቴ፣ ጉዳዩ ከሥልጣናችን ውጭ ነው' አለኝ! ሥልጣን ከሌለው ወንበሩ ላይ ምን ይሠራል?" ወይዘሮ ሮዛ ነገሩ እንዳለፈና ሕጉ እንደዚያ እንደሆነ ብትነግራቸው አልሰማ አሉ። በኋላ ተወቻቸው። እንዲያውም ደስ ያላት ይመስላል፤ አባባ በሚሟገቱላት ጊዜ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣቸዋለች።

ሙግቱን የሚለማመዱት ግቢው ውስጥ ነው፣ ተከሳሹ ሎርድ ደግሞ እኔ ነኝ። ባና ያለብሱኝና ጉቶ ላይ ያቆሙኛል። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ይነሣሉ።

"ተጠየቅ!

አንድ አባት ዘር ዘራ በአንድ ማሳ ላይ፣
ግማሹ ገብስ ሆኖ ግማሹ አረም ነወይ?
ወንድሟ በጠባው ጡት እሷም አድጋ ሳለ፣
እናት ሳትከለክል ማን ከልካይ ተባለ?"

"መልስ እንጂ!" ይሉኛል። እኔ እንዳስጠኑኝ፣ ሆዴን ነፍቼ፣ "ሴት አግብታ ትወጣለች!" እላለሁ። "የወጣ ሰው ማሳውን አዝሎ አይወጣም!" ይላሉና ዘንጋቸውን መሬት ላይ ይመቱታል። ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ "አባባ፣ ዛሬ እንኳ እኔ ልርታ" ብላቸው፣ "ሐሰት ይዘሽ እንዴት ትረቻለሽ?" አሉኝ። የጎረቤት ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል። እማዬም ከጎጇችን ደጃፍ ቁጭ ብላ ትፈትላለች፤ ቀና ብላ አታይም።

ገብሱ ሲደርስ፣ መዝጋቢዎቹ የእኛ ጎጥ ደረሱ ተባለ። ያን ሰሞን እማዬ እንቅልፍ አጣች፣ ጠባይዋም ተበላሸ። ውሃ አፈሰስሽ ብላ መታችኝ፣ ደግሞ አቅፋኝ አለቀሰች። በማግስቱ እኔ፣ እሷና ወይዘሮ ሮዛ ወንዝ ዳር ጸጉር እያሰጣን ሳለ እማዬ ድንገት ጠየቀች።

"አንቺ ግን ለምንድን ነው ያልተሟገትሽው? የተማርሽ ነሽ፣ ምላስ አለሽ።"

ወይዘሮ ሮዛ እርጥቡን ጸጉር ጨምቃ ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው። "ሕጉን መርታት አልችልም ነበር። ግን አባቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። 'ይሄ ልክ ነው ወይ?' አላልኩትም። አብረን በግ እንቆጥር ነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት። አፈርኩ። እሱም አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁም፣ ሞተ።"

"ዝም አይነቅዝም" አለች እማዬ፣ ለማጽናናት።

"ምን ማለት ነው?"

"ዝም ያለ ሰው ምንም አይጎዳም ማለት ነው። ዝምታ እንደ እህል ነቀዝ አይበላውም።"

"የእኔ ነቀዘ" አለች ወይዘሮ ሮዛ። "ቤቱን አልፈልገውም፣ ያፈሳል። አባቴ አንድ ጊዜ 'ልጄ፣ ልክ አይደለም' ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ግን ሳልጠይቀው እንዴት ይበለኝ?"

እማዬ ወደ ታችኛው ማሳ ቀና ብላ አየች፤ ገብሱ ነጭ ሆኖ አጎንብሷል። እኔ ርቧት መሰለኝና ቆሎ ሰጠኋት።

ስብሰባው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው መስክ ላይ ሆነ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ዳር ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ሮዛም ከእኛ ጋር ሣር ላይ ተቀመጠች። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የሰፈራችን ልጅ ነው። የሰው ስም እየጠራ፣ ማሳ እየጠራ፣ የአዋሳኙን ምስክርነት እየሰማ ከአያቴ ደረሰ።

"አባት፣ የላይኞቹ ማሳዎች በማን ስም ይሁኑ?"

"እኔ ከእንግዲህ ምን አለኝ፣ በጌታነህ ይጻፉ።"

"ታችኛዋ ማሳስ?"

"ያው የሚያርሳት ጌታነህ ነው" አሉ አባባ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወዛወዙና። ክፋት እንዳልነበረበት ዛሬም እምላለሁ። ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያሉት። ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ጋሼ ጌታነህ መሬት መሬት ያያል።

እማዬ ተነሣች። እጄን ይዛው ነበር፤ ለቀቀችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገችና በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ ወንዶቹ ፊት፣ አባቷ ፊት ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ይጠየቁልኝ አባባ!"

ሴት ልጅ አባቷን በአደባባይ ተጠየቅ ስትል የሰማ ሰው እዚያ አልነበረም።

"አንድ አባት ዘር ዘራ በአንድ ማሳ ላይ፣
ግማሹ ገብስ ሆኖ ግማሹ አረም ነወይ?
ወንድሜ የጠባው ጡት ለእኔም ከታደለ፣
እናት ሳትከለክል ማን ከልካይ ተባለ?"

"እሰይ!" ያለች አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ባሏ ገላመጣት። የአባባ ፊት ደም መሰለ። ይመቷታል ብዬ ፈራሁ። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከዚያ፣ እናንተዬ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ! ሙግት ሲጠራቸው ዝም ማለት መቼ ያውቁና!

"አግብተሽ ወጥተሻል!" አሉ ዘንጋቸውን ዘርግተው።

"የወጣ ሰው ማሳውን አዝሎ አይወጣም።"

ሰው ሳቀ። የሳቀው አጥራችን ላይ ሲያዳምጥ የከረመው ነው። አባባ ከንፈራቸውን ነከሱ።

"በሬ የለሽም! በምን ታርሻታለሽ?"

"በእኩል አሳርሳታለሁ። በሬ የሌለው ወንድስ ማሳው ይነጠቃል?"

"ነገ ደግሞ ሌላ ባል ታገቢና የኔን መሬት ይዘሽለት ትሄጃለሽ!"

ይሄኛው እኔ ጉቶ ላይ ቆሜ ተናግሬው አላውቅም። መልሱንም አባባ አላስጠኑንም። እማዬ እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው።

"ባል ይፈታል አባባ። አይተነዋል። አባት ግን አይፈታም። እኔ ሌላ የምገባበት የለኝም።"

አባባ ዙሪያውን አዩ፤ ጋሼ ጌታነህን አዩ፣ ሴቶቹ መካከል የተቀመጠችውን ወይዘሮ ሮዛን አዩ፣ መጨረሻ እማዬን አዩ። ዘንጋቸው ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ።

"ረታችኝ" አሉ። "ታችኛዋን ለአስካለ ጻፉላት። የአስካለ ደምሴ ብላችሁ።"

ጋሼ ጌታነህ ጋቢውን ትከሻው ላይ ወርውሮ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። አሳዘነኝ፤ የልጆቹን ብዛት አውቃለሁና። ሴቶቹ እማዬን ከበቧት። ወይዘሮ ሮዛ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች። የእሷ ሙግት ተረስቶ የእኛ ስለቀደመ የከፋት መሰለኝ። ሄጄ ጉልበቷን ነካሁና "አይዞሽ፣ የአንቺንም አባባ ይረቱልሻል" አልኳት። ይሄኔ ሳቀችም አለቀሰችም፤ ያንን በግ በግ የሚሸት እጄን ይዛ ሳመችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባና እማዬ ከፊት፣ እኔና ወይዘሮ ሮዛ ከኋላ ነበርን። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ አባባ ቆሙ።

"አስካለ።"

"አቤት አባባ።"

"ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠይቂኝ?"

እማዬ ወደ እሳቸው ዞረች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

"እርስዎስ ምነው እስክጠይቅዎ ጠበቁ?"

አባባ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና፣ እሷን ተደግፈው ቁልቁለቱን ወረዱ።